የዘገየ ቁስልና የቆመ ቁስል
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ 23 ዓመት የሞላት ባዝራ አለችኝ። ከ11 ሳምንት በፊት ሽቦ የኋላ ቀኝ እግሯን ጠልፎ ከመታጠፊያው በታች ያለውን የቅልጥሟን ፊት ገሸለጠው። በዚያው ዕለት ሐኪም ሰፋላት፤ ይሁን እንጂ በሰባተኛው ቀን ስፌቱ ለቅቆ ቁስሉ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ጧትና ማታ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እያጠብሁ ሐምራዊውን የቁስል መድኃኒት እረጭበታለሁ። ፋሻው እየተንሸራተተ ስላስቸገረኝ፣ ደግሞም «አየር ያደርቀዋል» ስለተባልሁ፣ ካለፈው ወር ጀምሮ ሳልሸፍን ትቼዋለሁ። ቁስሉ አሁን ርዝመቱ 8፣ ስፋቱ 5 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ መካከሉ ላይ ቀይ ሥጋ ከቆዳው በላይ ወጥቶ በነካሁት ቁጥር ይደማል። በታችኛው ጠርዙ ላይ ካለች ትንሽ ቀዳዳም አልፎ አልፎ መግል ይወጣል። ላለፉት አራት ሳምንታት ምንም ለውጥ አላየሁም። ባዝራዬ አታነክስም፤ ትበላለች፤ ነገር ግን የጀርባዋ ሥጋ አልቋል፤ ጠጉሯም ዘንድሮ ሳይረግፍ ቀርቶ ረዝሟል። የትኛውን መድኃኒት ብቀባላት ይሻላል? ልሸፍነው ወይስ ክፍት ልተወው? ወይስ እርጅናዋ ነውና ተስፋ ልቁረጥ?

መልስ፦ በመጨረሻ ያነሡትን አስቀድሜ ልመልስ፤ ከጻፉልን ነገር ውስጥ ተስፋ የሚያስቆርጥ አላገኘሁም። ዕድሜ ብቻውን የእግርን ቁስል ከመዳን አያግደውም፤ የሚያዘገዩት ከዕድሜ ጋር የሚመጡ፣ ሊመረመሩና ሊታከሙ የሚችሉ ችግሮች ናቸው፤ የአንዱም ምልክት በደብዳቤዎ ውስጥ ይታየኛል። «የትኛውን መድኃኒት ልቀባ» የሚለው ግን በእኔ አስተያየት የሚቀድመው ጥያቄ አይደለም። ከእሱ በፊት ቁስሉ የዘገየ ነው ወይስ የቆመ ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። የዘገየ ቁስል ትዕግሥት ይፈልጋል፤ የቆመ ቁስል ግን ያቆመው ነገር አለ፤ ያ ነገር እስካልተወገደ ድረስ በላዩ የሚቀባው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

የፈረስ እግር ከጉልበቱና ከኋላ መታጠፊያው በታች ጡንቻ የለውም፤ ቆዳው በአጥንትና በጅማት ላይ ተወጥሮ የተለጠፈ ነው። ወደዚያ የሚደርሰው ደም ከገላው ያነሰ፣ ሙቀቱም ዝቅ ያለ ነው፤ ለመሬት ቅርብ በመሆኑ አፈርና ፋንድያ አይለየውም፤ በእያንዳንዱም እርምጃ ይንቀሳቀሳል። በጎን ወይም በደረት ላይ ያለ ቁስል በአብዛኛው የሚዘጋው ጠርዞቹ ተስበው ስለሚቀራረቡ ነው፤ በእግር ላይ ግን የሚሳብ ትርፍ ቆዳ ስለሌለ ይህ መንገድ ብዙ አያራምድም። እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የቆዳው ውጥረት ጠርዞቹን ስለሚያራርቃቸው ቁስሉ ሲሰፋ ይታያል፤ ብዙ ባለቤቶች ደንግጠው መድኃኒት መቀያየር የሚጀምሩትም በዚህ ጊዜ ነው። በዚህ ቦታ ስፌት መልቀቁ በጣም የተለመደ ስለሆነ በሰፋላትም ሐኪም አይዘኑበት፤ ጥቂት ቀን ይዞ መቆየቱ ራሱ አጥንቱን ሸፍኖ ጠቅሞ ሊሆን ይችላል።

የሚቀረው መንገድ አዲስ ቆዳ ከጠርዙ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ መካከል እየተራመደ ቁስሉን መሸፈኑ ነው። ይህ አዲስ ቆዳ በፈረስ ጎን ላይ በቀን 0.2 ሚሊሜትር ያህል ሲጓዝ፣ በታችኛው እግር ላይ ግን ጉዞው በቀን 0.1 ሚሊሜትር ቢደርስ ነው። የእርስዎ ባዝራ ቁስል 5 ሴንቲሜትር የሚሰፋ ከሆነ፣ ከሁለቱም ጎን የሚነሣው ቆዳ እያንዳንዱ 25 ሚሊሜትር መጓዝ አለበት፤ ይህም ምንም ሳያደናቅፈው ስምንት ወር ያህል ይወስዳል ማለት ነው። ጠርዞቹ በጥቂቱም ቢሆን ስለሚሳቡ ጊዜው ከዚህ ሊያጥር ይችላል፤ ያም ሆኖ 11 ሳምንት በራሱ የሚያስደነግጥ አይደለም። እኔን ያሳሰቡኝ የመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት ናቸው። በአራት ሳምንት ውስጥ የቁስሉ ስፋት ቢያንስ በግማሽ ሴንቲሜትር መጥበብ፣ ዙሪያውንም ስስና ለስላሳ፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ የአዲስ ቆዳ ቀለበት መታየት ነበረበት። ይህ ከሌለ ቁስሉ ቆሟል። ከመወሰንዎ በፊት ግን ማስመሪያ ይያዙ፤ በየቀኑ የሚያየው ዐይን ግማሽ ሴንቲሜትርን አያስተውልምና፣ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ማስመሪያውን ከቁስሉ አጠገብ አድርገው ፎቶግራፍ ያንሡ።

አሁን ወደዚያች ትንሽ ቀዳዳ ልመለስ፤ ከጻፉልኝ ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጣት ለእሷ ነው። በቅልጥም ፊት ላይ በቆዳውና በአጥንቱ መካከል ምንም ሥጋ የለም። ሽቦው ቆዳውን ሲገሸልጥ አጥንቱን የሚያለብሰውን ስስ ሽፋን አብሮ ገፍፎት ከሆነ፣ የአጥንቱ የላይኛው ንጣፍ ደም ተቋርጦበት ይሞትና ከጤነኛው አጥንት ይነጠላል። ሰውነት ይህን የሞተ ስባሪ እንደ ባዕድ ነገር ስለሚቆጥረው መግል እያበጀ ሊያስወጣው ይታገላል፤ መውጫውም እርስዎ ያዩዋት ዓይነት ቀዳዳ ናት። መለያዋ ይህ ነው፤ ትደፈናለች፣ ተመልሳም ትከፈታለች፤ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሲሰጥ መግሉ ይደርቃል፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ ይመለሳል። የተነጠለ አጥንት በራጅ ላይ ለይቶ የሚታየው ጉዳቱ ከደረሰ ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን ተነሥቶላት ደኅና ነው ተብሎ ቢሆን እንኳ ያ ራጅ ዛሬ አይበቃም፤ እንደገና መነሣት አለበት። ራጁ ምንም ካላሳየ ደግሞ የእንጨት ስንጣሪ ወይም የስፌት ክር በውስጥ ቀርቶ እንደሆነ በአልትራሳውንድ ይፈለጋል። ስባሪው ከተገኘና ሐኪም በቀዶ ሕክምና ካወጣው፣ ለወራት የቆመ ቁስል በሳምንታት ውስጥ መንቀሳቀስ ሲጀምር ማየት የተለመደ ነው። እርስዎ በስንጥር ወይም በመርፌ ቀዳዳዋን አይጎርጉሩ፤ ምን ያህል እንደምትጠልቅ ማወቁ የሐኪሙ ሥራ ነው።

ከቆዳው በላይ የወጣው ቀይ ሥጋ ሁለተኛው እንቅፋት ነው። ቁስል ሲድን መጀመሪያ ጉድጓዱን የሚሞላ ቀይ፣ እርጥብና ጥራጥሬ መሳይ ሥጋ ይበቅላል፤ ይህ መልካም ነው፤ አዲሱ ቆዳ የሚራመደውም በእሱ ላይ ነው። የፈረስ የታችኛው እግር ክፉ ልማዱ ግን ከቆዳው ጋር ሲስተካከል ማቆም አለማወቁ ነው፤ ሥጋው ጠርዙን አልፎ ሲያብጥ፣ የሚራመደው ቆዳ ከግድግዳ ሥር እንደደረሰ ሰው ቆሞ ይቀራል። ይህን ትርፍ ሥጋ ሐኪሙ ከቆዳው ጋር እስኪስተካከል ወይም ጥቂት ዝቅ እስኪል ድረስ በምላጭ ይከረክመዋል። ሥጋው ነርቭ ስለሌለው ሕመሙ ከሚገመተው በጣም ያነሰ ነው፤ የደም ሥሩ ግን ብዙ ስለሆነ ይደማል፤ ስለዚህ ወዲያውኑ ጠበቅ ያለ ፋሻ ይደረግበታል። የሚያቃጥል ዱቄት፣ አሲድ ወይም ኖራ በመነስነስ ሥጋውን ለማጥፋት የሚሞክሩ አሉ፤ እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ምክንያቱም የሚያቃጥለው ነገር ትርፉን ሥጋና እንደ ወረቀት የሳሳውን አዲስ ቆዳ ለይቶ አያውቅም፤ የሦስት ወር ጉዞ በአንድ ቀን ያጠፋል።

ተከርክሞ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ የሚያብጥ ከሆነ ግን ትርፍ ሥጋ ነው ብሎ ብቻ ማለፍ አይገባም። ሳርኮይድ የሚባለው የፈረስ የቆዳ ዕጢ በቁስል ላይ በቅሎ ልክ ይህንኑ ሥጋ ይመስላል። ዝንብ በሚበዛበት ወቅት ደግሞ ዝንቦች የሚያራግፉት የሆድ ትል እጭ ቁስሉ ውስጥ ገብቶ፣ እንደ ሩዝ ፍሬ የጠጠሩ ቢጫ ቅንጣቶች ያሉበት፣ የሚያሳክክ ቁስል ይፈጥራል። በእግሩ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እባጮች ወጥተው አንዱ ከሌላው በኋላ የሚፈነዱ ከሆነም፣ በሽታው ወደ ሌሎች ፈረሶች የሚተላለፍ ሊሆን ስለሚችል ባዝራዋን ለይቶ ማቆየትና ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል። ከተከረከመው ሥጋ ቁራሽ ወደ ላቦራቶሪ እንዲላክ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ በአሮጌ ፈረስ ላይ ይህን ማድረግ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ አይደለም።

አሁን ስለ መድኃኒቱ። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱን ዛሬውኑ ያቁሙ። አረፋው የሚያጸዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ተሕዋስያኑን በነካበት እጅ አዲስ የሚበቅሉትንም ሕዋሳት ይገድላል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለ10 ሳምንት ያህል መደረጉ ቁስሉን በየዕለቱ ወደ ኋላ ሲመልሰው ቆይቷል ብዬ እገምታለሁ። ሐምራዊው ርጭትም ለላይ ላይ ጭረት ካልሆነ በቀር ለእንዲህ ያለ ቁስል አይጠቅምም፤ በተጨማሪም ሁሉን ነገር ቀለም ስለሚቀባው የሥጋውን መልክ ማየት ይከለክላል። ለማጠቢያ የሚሻለው የጨው ውሃ ነው፤ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ ውስጥ 9 ግራም ጨው፣ ማለትም አፉ ድረስ ያልሞላ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል። ቁስሉ ቆሽሾ ወይም ሸትቶ ከሆነ 10 ከመቶ የሆነውን ፖቪዶን አዮዲን በአንድ ሊትር ውሃ 10 ሚሊሊትር ብቻ ጨምረው፣ ቀለሙ የቀጠነ ሻይ ሲመስል፣ ለጥቂት ቀን ሊያጥቡበት ይችላሉ፤ ሳይበረዝ ግን አይሁን። በቧንቧ ውሃ ረዥም ጊዜ ማጠብም ጉዳቱ በደረሰ ሰሞን እብጠት ለመቀነስ ይረዳል እንጂ፣ ሥጋ ለሞላው ቁስል የማይጠቅም ከመሆኑም በላይ ሥጋውን ያረጥበዋል፤ ያሳብጠዋልም። ካጠቡ በኋላ የሚቀባ ነገር የግድ ከፈለጉ ለቁስል ሕክምና ተብሎ የተዘጋጀ፣ ከጀርም የጸዳ ማር ጥሩ ነው። ከዚህ ያለፈውን ሐኪሙ ያዝዝ።

ልሸፍነው ወይስ ልተወው ላሉት መልሴ ይሸፈን የሚል ነው፤ ነገር ግን ነገሩ ሁለት ፊት እንዳለው አልደብቅዎትም። በፈረስ እግር ላይ ፋሻ ራሱ ትርፍ ሥጋን የሚያበረታታ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ክፍት ይሁን ብለው የመከሩዎትም ከዚህ ተነሥተው ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ክፍት ቁስል ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ዝንብ ይወረዋል፣ ይቆሽሻል፤ አዲሱ ቆዳም በደረቅ ቅርፊት ሥር ሳይሆን በእርጥብ ሥጋ ላይ ነው በፍጥነት የሚጓዘው። ስለዚህ የሚሻለው ሸፍኖ ሥጋውን መቈጣጠር ነው፤ ሥጋው ከፍ ማለት ሲጀምርም ሐኪሙ ለጥቂት ቀን ብቻ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ሊያዝ ይችላል። ይህን ቅባት በራስዎ አይጀምሩት፤ ከዚህ በታች ስለ ዕድሜዋ ስናገር ከማነሣው፣ በእርስዎ ባዝራ ላይ ከሚጠረጠረው የሆርሞን ዕጢ ችግር ጋር ሲጋጠም የሰኮና ውስጥ ብግነት ሊያስከትል ይችላልና።

ፋሻው የሚንሸራተተው በአብዛኛው ከሥሩ ያለው ጥጥ ስለሚያንስና አጠር ተደርጎ ስለሚታሰር ነው። በቁስሉ ላይ መጀመሪያ የማይጣበቅ ጎዝ ይደረጋል፤ በላዩ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር የሚወፍር ጥጥ ከሰኮናው አናት ጀምሮ እስከ መታጠፊያው ሥር ድረስ እግሩን ሁሉ ዙሪያውን ይሸፍናል፤ ቁስሉን ብቻ ከሸፈኑ እብጠቱ ከላይና ከታች ይወጣል። ከዚያ የሚለጠጠው ፋሻ እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን በግማሽ እየደረበ፣ እኩል በሆነ ጥብቀት ይጠመጠማል፤ ሲያልቅ በላይኛው ጠርዝ አንድ ጣት መግባት አለበት። ጥጡ በቂ ውፍረት ሳይኖረው ፋሻው ከጠበቀ ከኋላ ያለውን ጅማት ይጎዳል፤ ይህ ጉዳት ከቁስሉ የባሰ ሊሆን ይችላል። ፈሳሹ በሚበዛበት ጊዜ ፋሻው በየቀኑ፣ ሲቀንስ በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንዴ ይለወጣል። ከረጠበ፣ ከወረደ፣ ከሸተተ፣ ወይም ባዝራዋ እየነከሰችው እግሯን ማሳረፍ ከጀመረች ግን ቀኑ እስኪደርስ አይጠበቅም። ጤነኛውንም እግር ለድጋፍ ያለ ቁስል መድኃኒት ማሰር መልካም ነው፤ አሮጌ ፈረስ ክብደቱን ወደ አንድ ወገን ሲያበዛ ያኛው እግር ይደክማልና።

ስለ ዕድሜዋ የምለው ይህ ነው። በወቅቱ ያልረገፈ ረዥም ጠጉር፣ የጀርባ ሥጋ መጉደልና የማይድን ቁስል በአንድ ፈረስ ላይ ሲገናኙ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው በአንጎል ሥር ያለውን ፒቱታሪ የተባለ ዕጢ ነው። ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት ካለፈ ፈረሶች ከአምስቱ አንዱ ያህል የዚህ ዕጢ መካከለኛ ክፍል ከመጠን በላይ መሥራት ያገኛቸዋል፤ በዚህም የተነሣ የሰውነት መከላከያ ይዳከማል፣ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ቁስል ይዘገያል፣ ሰኮናም ለብግነት ይጋለጣል። ብዙ ውሃ ትጠጣ፣ ብዙም ትሸና እንደሆነ ያስተውሉ። ምርመራው ቀላል ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ኤሲቲኤች የተባለ ሆርሞን ይለካል። ከተገኘባት ፐርጎላይድ የተባለው መድኃኒት በየቀኑ በአፍ ይሰጣል፤ ዕጢውን ባያድነውም ሥራውን ያረግበዋል። ጥርሷም ይታይላት። ድርቆሹን እያኘከች ጠቅልላ የምትተፋ ከሆነ «ትበላለች» ማለት አይበቃም፤ ሆዷ የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ቁስልን የሚሞላው ሥጋም ያለ በቂ ፕሮቲን አይበቅልም። እንዲህ ያለች ፈረስ በውሃ የራሰና የለሰለሰ መኖ፣ ጥሩ ፕሮቲንም ያለበት ሊሰጣት ይገባል።

የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባቷን በደብዳቤዎ አልጠቀሱም። ፈረስ በቴታነስ በቀላሉ ከሚያዙት እንስሳት ዋነኛው ስለሆነ፣ መቼ እንደተከተበች በእርግጠኝነት ካላወቁ ትርፉ ሥጋ ከመከርከሙ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩት። የሰውነቷን ሙቀትም በየጊዜው ይለኩ፤ የጤነኛ ትልቅ ፈረስ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። አለማነከሷ ደኅና ምልክት ነው፤ ድንገት እግሯን መርገጥ ካቃታት፣ ሙቀቷ ከፍ ካለ፣ ወይም ከቁስሉ የሚያጣብቅ ቢጫማ ፈሳሽ ከወጣ፣ መገጣጠሚያ ወይም የጅማት ከረጢት ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሐኪም ይጥሩ እንጂ ማግሥቱን አይጠብቁ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እንደ እኔ ከሆነ ራጁ፣ የደም ምርመራው፣ ክርከማው፣ ከዚያም ፋሻው ነው። እነዚህ ተደርገው ሥጋው ጠፍጣፋና ጤነኛ ሆኖ ሳለ ስፋቱ አሁንም ብዙ ከሆነ፣ ከአንገቷ ጎን ትናንሽ የቆዳ ቁራሾች ተወስደው በሥጋው ላይ ሊተከሉ ይችላሉ፤ ይህም በማደንዘዣ ቆማ ሳለች የሚሠራ ነው። እያንዳንዱ ቁራሽ አዲስ ጠርዝ ስለሚሆን፣ ያ የስምንት ወር ጉዞ ከብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ ይጀመራል።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ፈረሴ በፊት እግሩ ላይ የነበረው ቁስል ከአንድ ዓመት ሕክምና በኋላ ተዘግቷል። ነገር ግን በቦታው ጠጉር አልበቀለም፤ ቆዳውም ስስ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተሰንጥቆ ደምቷል። እንደገና እየተከፈተ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም፤ ይህ ቆዳ ከዚህ የተሻለ ላይሆን ይችላል። ከጠርዙ በሚራመድ አዲስ ቆዳ የሚሸፈን ቁስል ላይ የሚበቅለው ቆዳ የጠጉር ሥር፣ የላብና የቅባት ዕጢ ስለሌለው ይደርቃል፤ ከሥሩ ካለው ጋር የተያያዘውም በላላ ሁኔታ ስለሆነ በትንሽ ግጭት ይላጣል። በቀን አንድ ጊዜ በስሱ ቫዝሊን ይቀቡለት፤ ወደ መስክ ሲወጣ በለስላሳ መሸፈኛ ይጠብቁለት፤ ቆዳው ፈዛዛ ከሆነም ከብርቱ ፀሐይ ይከልሉት። በየጊዜው የሚታየው ስንጥቅ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ እስከተዘጋ ድረስ አያሳስብዎ። በአሮጌ ጠባሳ ላይ የማይዘጋ ስንጥቅ ወይም እየጨመረ የሚሄድ እብጠት ካዩ ግን ዕጢ ሊሆን ስለሚችል፣ ቅባት ሳይጨምሩ ፈረሱን ለሐኪም ያሳዩ።